መርማሪ ለሚመረምረው ሕፃን ያለበት ዕዳ

የመንዝ ገበሬ አዲስ የገብስ ዘር ከሌላ አገር ሲመጣለት ማሳውን ሁሉ አይዘራበትም። ከእርሻው ዳር ቁራጭ መሬት ለይቶ፥ ጥቂት እፍኝ በትኖ፥ ውርጩን እንዴት እንደሚችለው፥ ዛላው ምን ያህል እንደሚይዝ ያያል። ዘሩ ባይረባ የጠፋው እፍኝ ነው፤ በልጉ ቢከዳው መኸር ይመጣለታል። ስለዚህ ፈተናው የሚወቅሰው የለም፤ እንዲያውም ብልህ ይባላል። የትምህርትን ነገር የሚመረምሩና ሥርዓቱን የሚያወጡ ሰዎችም ስለ ሥራቸው በዚህ አምሳል ሲናገሩ ይሰማል፤ አንድ መንገድ ይሞከራል፥ ፍሬው ይለካል፥ ካልበጀ ይለወጣል ይላሉ። ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አያስኬድም፤ ሕፃን ሁለት ጊዜ ሰባት ዓመት አይሞላውምና። በሙከራው ዘመን አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ፥ ሙከራው አልበጀም ተብሎ በሚተውበት ጊዜ ጢም አብቅሏል። መጽሐፉ ይታረማል፤ እርሱ ግን ያልታረመውን ተምሮ ወጥቷል።

እንግዲህ ለብዙዎች ጥቅም ተብሎ በሕፃናትና በመምህራን ላይ የሚደረግ ምርመራ ቅን የሚባለው በምን ሚዛን ነው? መርማሪውስ ለተመረመረው ምን ዕዳ አለበት? መመርመር ራሱ ክፉ ነው ለማለት አይደለም፤ ሳይመረምሩ ሥርዓት ማውጣት በጨለማ ቀስት እንደ መወርወር ነው። ጥያቄው የተገኘው እውነት ወደ ማን ይመለሳል የሚል ነው።

ለዚህ ነገር በኢትዮጵያ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር በ1964 ዓ.ም. የተደረገውና በዘመኑ አጠራር «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት ነው። የዓለም ባንክ በገንዘብ ረድቶበት፥ የአገር ተወላጅ ምሁራንና የውጭ አገር ሊቃውንት በየቡድኑ ተከፍለው የመንግሥቱን ትምህርት ከሥር እስከ ጫፍ መረመሩ። ያገኙትም ለመካድ የሚያስቸግር ነበር። ትምህርት ቤቱ በከተማ ተከማችቷል፤ ገንዘቡ ወደ ላይኛው ትምህርት ያደላል፤ ከባላገር ልጆች የሚበዙት የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም፤ ከገቡትም ብዙዎቹ ሳይፈጽሙ ይቀራሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ለሕፃናት ሁሉ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይሰጥ፥ ከዚያ በላይ ያለውም በልክ ይሁን ብለው መከሩ።

ምክሩ በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ቆመው ሲያዩት ምን ይመስል ነበር? የመንግሥት ትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ በወረዳው ከተማ ተወስኖ በቀረበት በዚያ ዘመን፥ በገደሉ አፋፍ በግ የሚጠብቅ የግሼ ልጅ አራት ዓመት ቢማር ከምንም ወደ አራት ይወጣ ነበር። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ልጅ ግን ያው አራት ዓመት ከዐሥራ ሁለት ወደ አራት መውረድ መስሎ ታየ። የከተማው አባት «ልጄን በአራተኛ ክፍል ሊያስቀሩብኝ ነው» ብሎ ፈራ፤ መምህሩም ደመወዙና የሥራው ሁኔታ እንዳይጎዳ ሠጋ። ሁለቱም ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም።

ጥናቱ በ1964 ዓ.ም. ክረምት ከተፈጸመ በኋላ ለሕዝብ የተገለጸው በ1966 ዓ.ም. የካቲት ነው። በመካከሉ ባለው ዓመት ከመንፈቅ ወረቀቱ በሹማምንት መሳቢያ ተቀምጦ ወሬው ብቻ ይዞር ነበር። የጥንቱ ገዥ እንኳ ግብር ሊጥል ሲያስብ በገበያ ቀን ነጋሪት አስጎስሞ፥ «ስማ፥ ስማ» አስብሎ አዋጁን ያስነግር ነበር፤ ሰው የሚገዛበትን ሕግ ቢጠላው እንኳ ይሰማዋል። ስለ ልጆች የተቈረጠው ነገር ግን ለልጆቹ አባቶች አልተነገረም፤ በየክፍሉ ቆሞ ሊፈጽመው ለሚገባው መምህርም አልተነገረም። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር አድማ አስነሣ። በዚያው ቀን የታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ ምክንያት ሥራ አቆሙ። ከጥቂት ቀን በኋላ መንግሥት የትምህርቱ ዕቅድ እንዲቆይ አደረገ፤ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድም ካቢኔ በዚያው ወር ከሥልጣን ወረደ። ቀጥሎ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ጥናቱ ስለ ባላገሩ ልጅ የተናገረው እውነት ነበር፤ መምህራኑም ሳንጠየቅ ተፈረደብን ማለታቸው እውነት ነበር። ሁለት እውነቶች ተጋጭተው ሦስተኛው ወገን፥ ያ እረኛ፥ ከመካከል ወደቀ። እርሱ ማኅበር የለውም፤ ጋዜጣ የለውም፤ አድማ ቢመታ ከበጎቹ በቀር የሚጎዳበት የለም። ጥናቱን ያጠኑት ስለ እርሱ አሰቡ እንጂ ከእርሱ ጋራ አላሰቡም፤ ጥናቱን ያፈረሱትም ስለ እርሱ አላነሡም።

«ገበሬ የምሁራን ጥናት ቢነበብለት ምን ይገባዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህን የሚል ሰው የመንዝን ሰው በችሎት ቆሞ አላየውም። ርስቱን ለማስመለስ እስከ አያት ቅድመ አያቱ፥ ከዚያም በላይ የትውልዱን ሐረግ በቃሉ የሚቈጥር፥ ምስክርን በጥያቄ የሚያፋጥጥ ሕዝብ፥ ስለ ገዛ ልጁ አራት ዓመት የቀረበን ሐሳብ መመዘን አይሳነውም። የተሳነው የሚመስለው ስላልተጠየቀ ነው።

መጠየቅስ ተጠይቆ ነበር፤ የተጠየቀው ግን በሌላ ነገር ነው። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ መጀመሪያ መንዝ ድረስ ወጥቶ፥ ከሕዝቡ ጋራ ተቀምጦ ስለ ኑሮውና ስለ ልማዱ መረመረ፤ የከተማ ተማሪዎችንም ስለ ምኞታቸውና ስለ አሳባቸው በጽሑፍ ጠየቀ። በ1965 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የታተመው መጽሐፉ ስያሜውን የወሰደው ከቅኔ ቤት ነው፤ «ሰምና ወርቅ» ይባላል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነበርና፥ በእሳት ዳር ተቀምጠው ቃላቸውን ከሰጡት የመንዝ ሽማግሎች አብዛኞቹ ስለ ራሳቸው የተጻፈውን ሊያነቡት አልቻሉም። ሰውየው በክፋት አላደረገውም፤ ኢትዮጵያንም እስከ ዕለተ ሞቱ የወደዳት ሰው ነው። ነገር ግን ወዳጅም ቢሆን የተበደረው ቃል ዕዳ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ምርመራዎች ብዙ ናቸው። በደርግ ዘመን ከ1975 እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ አጠቃላይ ትምህርቱ ተመርምሮ ጉድለቱ ተጻፈ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ፥ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለ ሕፃን በተከታታይ ምዘና እየተረዳ ሳይወድቅ እንዲያልፍ አዘዘ። አሳቡ ርኅራኄ ነበረበት፤ ወድቆ የቀረ ሕፃን ወደ ትምህርት ቤት አይመለስምና። በ2002 ዓ.ም. የተደረገው የንባብ ምዘና ግን፥ ከሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ከመቶ 34ቱ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ገለጠ። ይህን ከዚያ ትእዛዝ ጋራ ብቻ ማያያዝ ቀላል ነው፤ ቀላልም ስለሆነ ብዙ ሰው ያያይዘዋል። ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል ይዞ፥ አንድ መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት ሲያካፍል የሚውል መምህር እያንዳንዱን ሕፃን በየቀኑ መዝኖ እንዲያቃና ታዘዘ፤ የሚመዝንበት ጊዜ ግን አልተሰጠውም። ውጤቱ ሲነገር የተወቀሰው ያው መምህር ነው።

የዚያ ምዘና አሠራር ራሱ ሊታሰብበት ይገባል። እንግዳ ሰው ሰዓት ይዞ ይመጣል፤ ሕፃኑ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ቃል እንዳነበበ ይቈጥራል፤ መዝግቦም ይሄዳል። የሚታተመው የአገሩና የክልሉ ድምር ነው። ሕፃኑ የትኛው ፊደል እንዳሰናከለው አይነገረውም፤ መምህሩም ከልጆቹ የቱ ምን እንደ ጎደለው አይሰማም። በቅኔ ቤት ልማዱ ሌላ ነው። ተማሪው ጉባኤ ቃናውን ቈጥሮ በመምህሩ ፊት ሲናገር፥ ቤቱ ባይመታ፥ ሰሙ ከወርቁ ባይስማማ፥ ስብራቱ እዚያው ይነገረዋል፤ በማግሥቱም ሌላ ይቈጥራል። ተማሪው ቢሰንፍ የመምህሩም ስም አብሮ ይነሣል። የመዘነው ሰው ጥሎት አይሄድም።

ይህ ሲባል ግን የቅኔ ቤቱን ማመስገን ልክ ሊኖረው ይገባል። ስንቱ የቆሎ ተማሪ በተስቦና በረኃብ እንደ ቀረ፥ ስንቱ የየኔታን አለንጋ ፈርቶ እንደ ኮበለለ የቈጠረ የለም። እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ካሉት ጥቂቶች በቀር ሴት ልጅ በዚያ ጉባኤ ቦታ አልነበራትም፤ ይህንንም ጉዳት ብሎ የመዘገበ አልተገኘም። የሚያውቀው የደረሱለትን ብቻ ነው፤ የጠፉበትን አያውቅም። ሰዓት የያዘው እንግዳ ቢያንስ የጠፉትን ይቈጥራል። በአሳብ ብቻ ቢመዘን ከሁለቱ የሚሻለው ሁለቱን አንድ ያደረገ ነው፤ ለዚህም ምሳሌ አይጠፋም። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ሦስት ሺህ ያህል ሕፃናትን ስማቸውን ሰውሮ ተከተላቸው፤ ወደ እነዚያው ልጆች በየጥቂት ዓመቱ ተመልሶ እየሄደም አሳባቸውን ጠየቀ። ሕፃኑን አንድ ጊዜ ለክቶ ከመሄድ ይህ ይሻላል።

የ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠ ጊዜ፥ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ነው። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ቍጥሩ መገለጡ መልካም ነው፤ ለብዙ ዓመት በኩረጃ ተሸፍኖ የኖረውን ቍስል ገለጠ። ነገር ግን «ወደቁ» የሚለው ቃል በማን ላይ ተነገረ? በተማሪዎቹ ላይ ነው። እነርሱን ዐሥራ ሁለት ዓመት ያሳለፈው ሥርዓት፥ ሥርዓቱንም እያጠና የመከረው ሊቅ፥ በፈተናው ወረቀት ላይ ስሙ የለም። በዚያው ዓመት ኅዳር ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ መድረሱም በመልስ መስጫው ላይ የሚሞላበት ቦታ አልነበረውም። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ሕፃናትም ዓመታት አምልጠዋቸዋል። ወደ ፊት የሚመጣ መርማሪ የእነዚህን ልጆች ዝቅተኛ ቍጥር ባገኘ ጊዜ ስለ ልጆቹ ችሎታ ቢጽፍ፥ የጻፈው ቍጥር ትክክል ሆኖ ነገሩ ሐሰት ይሆናል።

እንግዲህ ዕዳው ቢዘረዘር ከባድ አይደለም። በመሐል ሜዳ ወይም በዓለም ከተማ የተጠና ነገር በመሐል ሜዳና በዓለም ከተማ፥ በአማርኛ፥ በገበያ ቀን፥ ወላጅና መምህር ባሉበት ይነበብ፤ የሚቃወም ሰው ቃሉ በዚያው ጥናት ይጻፍለት። ከሐሳቡ ወጪ ለዚህ የሚሆን ብር ይቀመጥ፤ ለመኪናው ቤንዚንና ለወረቀቱ ኅትመት የሚቀመጠውን ያህል እንኳ አይፈጅም። መምህሩም ውሳኔው ከተፈረመ በኋላ ለሥልጠና ከመጠራት አስቀድሞ ሳይፈረም ለምክር ይጠራ።

በ1966 ዓ.ም. ሰባት ዓመቱ የነበረው የግሼ እረኛ በሕይወት ካለ ዛሬ ወደ ስድሳ የተጠጋ ሰው ነው። ምናልባት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በፋኖስ ብርሃን ፊደል ቈጥሮ ይሆናል፤ ምናልባትም በልጆቹ እጅ ደብዳቤ እያስነበበ ይኖር ይሆናል። ስለ እርሱ የተጻፈው ወረቀት በቤተ መጻሕፍት አለ፤ አራቱን ዓመት ይፈልጋቸው እንደ ነበር ግን እስከ ዛሬ የጠየቀው የለም።