ጤፍ የማን ዘመድ ነው?

ጤፍ ለስንዴ ይቀርባል ወይስ ለዳጉሳ? ለመመለስ አስቀድሞ ሌላ ነገር መቁረጥ ያስፈልጋል፦ ዝምድና የምንለው መመሳሰልን ነው ወይስ ከአንድ አያት መወለድን?

ጣሊያናዊው ዙካኚ እ.ኤ.አ. በ1775 ጤፍን «ፖአ» ከተባለው የሣር ጂነስ መደበው። ያለምክንያት አልነበረም። የሁለቱም ዛላ በትንንሽ ዘለላዎች የተሞላ ነው፤ በእያንዳንዷ ዘለላ ብዙ አበቦች ተደርድረዋል፤ እንደ ገብስ ያለ ሹል ጸጉርም የላቸውም። ጠጋ ብሎ ላየ ግን አበባዋን የሚሸፍነው ልባስ በጤፍ ሦስት ጅማት፣ በፖአ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ጅማት አለው። ቅጠሉን በስሱ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ያየ ደግሞ የባሰ ልዩነት ያገኛል። በጤፍ ቅጠል እያንዳንዱን ጅማት ትላልቅ አረንጓዴ ሴሎች ዙሪያውን ከበውታል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተከማችቶ ስኳር የሚሠራው በእነሱ ውስጥ ነው። ፖአ፣ ስንዴና ገብስ ይህ የላቸውም። ዳጉሳ ግን አለው።

ታዲያ ነገሩ አለቀ? አላለቀም፤ ማሽላና በቆሎም አላቸውና። ይህ አሠራር በሣር ቤተሰብ ውስጥ ከ20 ጊዜ በላይ ለየብቻው ብቅ ብሏል። ሙቀትና ፀሐይ ያስቸገራቸው ባዳዎች ተመሳሳይ ዘዴ ላይ ሊደርሱ ይችላሉ ማለት ነው፤ የውስጥ አካልም እንደ ውጫዊው መልክ ያታልላል። በዘረመል ላይ የሚደርሱ ብዙ ለውጦች ግን ለተክሉ ኑሮ አይጠቅሙም፣ አይጎዱም። ሁለት ተክሎች እንዲህ ያሉ በርካታ ለውጦችን ከተጋሩ፣ ወርሰውት ነው ከማለት የተሻለ ምክንያት አይገኝም። በዚህ መስፈርት ጤፍና ዳጉሳ አንድ ንዑስ ቤተሰብ ሲሆኑ ማሽላና በቆሎ በሌላ ይውላሉ። መሶብ የሚሰፋበት አክርማም የዳጉሳ ጂነስ ነው፤ እንጀራውና መሶቡ ዘመዳሞች ሆነው አረፉት!

ዘረመልም ቢሆን የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። በሣሮች ዘንድ የክሎሮፕላስት ዘረመል በአመዛኙ የሚወረሰው ከእናት ነው። የጤፍ 40 ክሮሞሶሞች ደግሞ ከሁለት የተለያዩ የዘር ሐረጎች የመጡ ናቸው፤ የእናቱን ወገን ብቻ የጠየቀ ግማሹን ታሪክ ያጣል። ኢንግራምና ዶይል በ2003 የክሎሮፕላስቱንና የኒውክለሱን ዘረመል ጎን ለጎን አነጻጽረው የጤፍ የቅርብ የዱር ዘመድ ኢራግሮስቲስ ፒሎሳ እንደሆነ አሳዩ።

የጂነስ ወሰን ግን ሌላ ጣጣ አለው። ከ1789 ጀምሮ ስሙን ይዞ የኖረው ስፓርቲና የተባለው የባሕር ዳር ሣር፣ በዘረመል ሲታይ ስፖሮቦለስ ከተባለው ጂነስ ቅርንጫፎች መካከል ተገኘ፤ በ2014 ስፖሮቦለስ ውስጥ ተጠቃለለ። የባሕር ዳር ረግረግ የሚያጠኑ ብዙዎች ተቃወሙ። ማን ከማን እንደተወለደ የእኛን ፈቃድ አይጠይቅም፤ «ጂነስ» የሚለውን ስም የትኛው ቅርንጫፍ ላይ እንደምናኖር ግን የስምምነት ጉዳይ ነው። ዘረመሉ የከለከለው ስፓርቲናን ነጥሎ የቀረውን ሁሉ እንደነበረ አንድ ጂነስ ማለትን ነው። ስፖሮቦለስን ራሱን ከፋፍሎ ስፓርቲናን ማቆየት ይቻል ነበር፤ በዚያም መንገድ ብዙ ሌሎች ሣሮች ስም ይቀይራሉ። እንዲያም ሆኖ እኔ ስፓርቲናን ወደ ማቆየቱ አደላለሁ፤ የስፓርቲናን ያህል የተጻፈበት ከመካከላቸው ጥቂት ነውና።