ጉድለቱን ለአራት ማካፈል

 

የዛሬው መነሻችን አንዲት እህት በውስጥ መስመር የላከችው ጥያቄ ነው። ልብስ መሸጫ ሱቅ ውስጥ አራት ሆነው ይሠራሉ። በወሩ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ 6000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ጎደለ። ባለሱቁ ማን እንደወሰደው ማወቅ ስላልቻለ ለአራት አካፈለውና ከእያንዳንዳቸው ደመወዝ 1500 ብር ቆረጠ። «ኡስታዝ፣ እኔ አልነካሁም። ይሄ ሐላል ነው?» ትላለች።

ሐላል አይደለም። ሶላቱን የማያጓድል፣ ዘካውን በጊዜው የሚያወጣ ስንት ነጋዴ አለ፣ ይህን ሲያደርግ ግን የሰው ሐቅ እየበላ መሆኑ ትዝ የማይለው።

ሒሳቡን እንሥራው። ከአራቱ አንዱ ሰርቋል እንበል። 6000 ወሰደ፣ 1500 ከፈለ፣ 4500 ተረፈው። ባለሱቁ 6000 ብሩን አስመልሷል፤ አልከሰረም። ታዲያ ሌባው ኪስ ውስጥ የቀረው 4500 ከማን ወጣ? ምንም ካልነኩት ከሦስቱ። ባለሱቁ ጉዳቱን ከራሱ ትከሻ አንሥቶ አቅም በሌላቸው ላይ ጫነው እንጂ ሌባውን አልቀጣም። ደግሞስ ሌባው ከአራቱ አንዱ ነው ያለው ማን ነው? ደንበኛ ሊሆን ይችላል። አከፋፋዩ አጉድሎ አስረክቦም ይሆናል። ወይ ቆጣሪው ተሳስቷል።

በፊቅህ፣ ተቀጣሪ ሠራተኛ የተረከበው ንብረት በእጁ ያለ አማና ነው። ካላጠፋ ወይም ችላ ካላለ ለጠፋው ዕዳ የለበትም። አጥፍቷል የሚል ሰው ማስረጃ ማምጣት ያለበት ራሱ ነው። «ከእናንተ ውጪ ማን ሊሆን ይችላል?» ደግሞ ማስረጃ አይባልም።

«ሲቀጠሩ ፈርመዋል» የሚልም አለ። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በጽሑፍ ከተስማማ ከደመወዙ መቁረጥን ይፈቅዳል፤ ሆኖም በጠቅላላ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። እሺ፣ ወረቀቱ አለ እንበል። ሥራ ስትፈልግ ወራት የቆየች ልጅ የሌላ ሰው ስርቆት ልትከፍል የፈረመችው ወዳ ነው? የሰው ገንዘብ ባለቤቱ ከልቡ ወዶ ካልሰጠው ሐላል እንደማይሆን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል።

ጥርጣሬ ሁልጊዜ ወዴት እንደሚያጋድል ደግሞ ልብ በሉ። በመዲና ከአንድ ቤት ጦር ዕቃ ተሰረቀና የሌባው ወገኖች ነገሩን ባልሠራው አይሁዳዊ ሰው ላይ አላከኩት። ሙፈሲሮች እንደሚተርኩት በሱረቱ-ኒሳእ ከ105ኛው አንቀጽ ጀምሮ ያሉት አንቀጾች የወረዱት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሙስሊም ነኝ ባዩን አጋልጠው አይሁዳዊውን ነጻ አወጡት። በእኛ ሱቆች ደግሞ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ትናንት ከገጠር በመጣው፣ ጠያቂ ዘመድ በሌለው ልጅ ላይ ነው። የባለሱቁ የእህት ልጅ ሲጠረጠር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሌባው በትክክል ቢታወቅስ? በኢማም ማሊክ ሙወጠእ እንደተዘገበው፣ የሐጢብ ባሪያዎች የአንድ ሰው ግመል ሰርቀው አረዱ። ዑመር (ረ.ዐ) መጀመሪያ እጃቸው እንዲቆረጥ አዘዙ። ከዚያ ግን ወደ ሐጢብ ዞረው፣ እንደምታስርባቸው ይታየኛል አሉት። የግመሉን ዋጋ ባለቤቱን ጠየቁት። 400 ዲርሃም ነበር፤ ሐጢብን 800 አስከፈሉት። የምትከፍለው ደመወዝ የቤት ኪራይ ይሸፍን እንደሆነ ሳትጠይቅ ስለ ሠራተኛህ ኢማን ማውራት ይከብዳል።

ወንድሜ ሠራተኛው፣ ይህን ታሪክ ግን ለራስህ ፈትዋ አታድርገው። ዑመር ስርቆቱን ሐላል አላሉም። ደመወዝህ ማነሱ ሌላ ነው፣ ቁልፍ አምኖ የሰጠህን ሰው ሳጥን መክፈት ሌላ ነው። ኺያና ነው።

ለባለሱቁ መውጫው ከባድ አይደለም። ቁልፉና ሳጥኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሁለት ሰው ቆጥሮ ይፈርም፤ ያኔ ጉድለት ሲመጣ የማን ጊዜ እንደሆነ ይታወቃል። «እንዳላመንኳቸው ይሰማቸዋል» አትበል። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ አል-በቀራህ 282፣ ዕዳን ጻፉ፣ አስመስክሩ የሚል ነው፤ የተነገረውም ለአማኞች ነው።

በማስረጃ ከተያዘ የወሰደውን መልሰህ ተቀበለው። አሰናብተው፤ ሕጉም ይፈቅድልሃል። ይቅር ብትለው ደግሞ ከራስህ ሐቅ ነው፣ አጅሩ ያንተ ነው። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ አትለጥፍ። ሌላ ቀጣሪ ደውሎ ከጠየቀህ ግን ያየኸውን ሳትጨምር ንገረው፤ ይህ ሐሜት አይደለም። ሲወጣም የሠራባቸውን ቀናት ሒሳብ አስበህ በእጁ ስጠው። ሠራተኛ አሠርቶ ደመወዙን የከለከለን ሰው አላህ በቂያማ ቀን ራሱ እንደሚከራከረው በቡኻሪ የተዘገበው ሐዲስ ሲናገር፣ ሌባ የሆነውን ሠራተኛ ለይቶ አላወጣም።