ከአፈ ሙዝ የወጣ ጥይት የማን ነው?

በቆቦና በአላማጣ መካከል ባለው በዋጃ ሜዳ፣ ማሽላው ከታጨደ በኋላ ዐይንን የሚያግድ ነገር የለም። አንድ ሰው በበረቱ አጠገብ ቆሞ በ400 ሜትር ርቀት ወደሚታየው ጅብ ቢተኩስና ከጅቡ አለፍ ብሎ ይሄድ የነበረ መንገደኛ ቢወድቅ፣ ተኳሹ «ያነጣጠርሁት ጅቡን ነው፤ ጥይቱን የወሰደው ነፋስ ነው» ማለቱ አይቀርም። ይህ ምክንያት ነጻ ያወጣዋልን?

ከመፍረድ አስቀድሞ የጥይትን ጠባይ መመርመር ይገባል። ጥይት ከአፈ ሙዝ እንደ ወጣ ምድር ወደ ታች ትስበዋለች፤ አየርም ይገታዋል። በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ብዙ ወታደሮች የያዙት የውጅግራ አረር አፍንጫው ዱልዱም ነበርና አየሩን እየገፋ ይሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአረሩ አፍንጫ ሾለ፤ የአንዳንዱም ጭራ ቀጠነ። ይሁን እንጂ መሾሉ የአየርን ኀይል ቢቀንስ እንጂ አያጠፋውም። የክላሽንኮቭ ጥይት ሲወጣ በሰከንድ 715 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ 400 ሜትር ሲደርስ ግን ከፍጥነቱ ከሲሶ በላይ አጥቷል። በዚሁ ርቀት ከጎን የሚነፍስ መጠነኛ ነፋስ ከግማሽ ሜትር በላይ ሊያስተው ይችላል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መሳቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፣ አንዳንዴም ያልፋል። ደግሞም ተኳሹ የሚያውቀው ፊቱን የሚዳስሰውን ነፋስ ነው እንጂ ከሜዳው መካከል ያለውን አይደለም።

እንግዲህ «ነፋሱን አላወቅሁም» ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን አለማወቁን ያውቅ ነበር። ሰንጠረዥ ያላየ ገበሬ እንኳ ከልጅነቱ ጠመንጃ ስለ ለመደ፣ ለሩቅ ዒላማ ከፍ አድርጎ፣ ለነፋስም ወደ ጎን ጥቂት ትቶ ያነጣጥራል፤ ይህ ጥንቃቄው ራሱ ምስክር ይሆንበታል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 59ም ውጤቱን ገምቶ «አይደርስም» ያለውን ብቻ ሳይሆን፣ መገመት ሲገባውና ሲችል ያልገመተውንም በቸልተኝነት ይጠይቃል። ስለዚህ እንደ እኔ አሳብ፣ ርቀቱ በጨመረ መጠን የተኳሹ ዕዳ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኩሰውማ የሚያመካኝበት ጅብ እንኳ የለውም። «ማንንም አላሰብሁም» ይላል፤ ክሱም ይኸው ነው። አፈ ሙዙ ዘንበል ያለ እንደ ሆነ ጥይቱ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሊወርድ ይችላል። በሚወርድበት ግቢ እህል የምታበጥረው ሴት ከበሮውን አልሰማችም፤ በዚያ ቀን ሠርግ መኖሩንም አታውቅም።