ቤትህ ተቀመጥ የተባለው ሰው ሐቅ

ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ ገደማ ወደ ሻም ሲጓዙ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱ ተነገራቸው። ሶሓቦችን አማከሩ፤ ገሚሱ እንቀጥል፣ ገሚሱ እንመለስ አለ። በመጨረሻ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን ነገሯቸው፤ ወረርሽኝ ወደገባበት አገር እንዳይገባ፣ ባሉበት ከተከሰተም ሸሽቶ እንዳይወጣ የሚያዝ ነበር። ዑመርም አላህን አመስግነው ተመለሱ።

በ2012 ዓ.ል. ኮሮና በገባ ጊዜ ይህን ታሪክ ያልሰማ ሙስሊም የለም ማለት ይቻላል። መስጊዶች ተዘግተው ተራዊሕን በየቤታችን ስንሰግድ መጽናኛችን ነበር። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ዘለን አልፈናል። ባለህበት ቆይ የተባለው ሰው ምን ይብላ? ታግሦ ለተቀመጠ የሸሂድ ምንዳ እንዳለው በሐዲሥ ተነግሯል፤ ይህ ከአላህ ዘንድ ነው። እንጀራውስ?

የቀን ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ የሚጠብቀው ራሱን ብቻ አይደለም። ይልቁንም የሰፈሩን ሽማግሌና በሽተኛ ይጠብቃል። ጥቅሙ የሁላችን፣ ኪሳራው የእሱ ብቻ ከሆነ ፍትሕ የለም። ለመንገድ ሥራ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ካሣ ሲቀበል ለማኝ ነው የሚለው የለም። እንግዲያስ ለሁሉም ደኅንነት ሥራው የተዘጋበት ሰው ከመንግሥት የሚያገኘው ገንዘብ ስለምን ሶደቃ ይባላል? ሐቁ ነው እንጂ!

አሜሪካ በመጋቢት 2012 ባወጣችው ሕግ ለሥራ አጥ በሚከፈለው ላይ በየሳምንቱ 600 ዶላር እስከ ሐምሌ ድረስ ጨምራለች። ከዚያ በፊት ከዚህ ክፍያ ውጭ የነበሩ፣ አሠሪ የሌላቸው ሰዎችም ተካተዋል፤ በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ከእነዚህ ዓይነቶቹ ናቸው። በእርግጥ ሥራው የቆመበት ሹፌር ይህን ሲቀበል አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት አይታየኝም።

ሐቅ ግን አማና አለበት። እንግሊዝ እስከ መስከረም 2014 በቆየው ዕቅዷ ቤት ለተቀመጠ ሠራተኛ ከደመወዙ እስከ 80 በመቶ፣ በወር እስከ 2,500 ፓውንድ ከፍላለች። ሠራተኛው ተቀምጧል ብለው ገንዘቡን ወስደው በስውር ያሠሩ አሠሪዎችም ነበሩ። የአንድን ሰው ገንዘብ የሰረቀ ቢጸጸት ባለቤቱን ፈልጎ ይመልሳል፣ ዐውፍ በለኝ ይላል። የሕዝብን ካዝና የበላ ማንን ዐውፍ ይጠይቃል? በሥራ ላይ እያለ ሥራ ፈታሁ ብሎ የሚፈርመውም ከዚህ አያመልጥም።

እነዚህ ባለጸጋ አገሮች ናቸው፣ እኛ ከየት አምጥተን የሚል ይኖራል። እውነት አለው። በእኛ አገር የአስቸኳይ ጊዜው አዋጅ አሠሪ ሠራተኛን እንዳያሰናብት፣ አከራይም ተከራይን እንዳያስወጣ ከልክሎ ነበር፤ መልካም ነበር። ነገር ግን የመርካቶው ተሸካሚ አሠሪው ማን ነው? ጀበና ቡና አፍልታ ልጆቿን የምታሳድገውን ሴት ማን እንዳያሰናብታት ይከለከላል? ለእነዚህ የደረሰላቸው በአብዛኛው ማዕድ ማጋራት ነው። አላህ ይቀበላቸውና ብዙዎች ካላቸው አካፍለዋል። ሆኖም ጎረቤት የሰጠው የጎረቤት ደግነት ነው፤ የመንግሥትን ዕዳ አይሰርዝም። ደግሞም ጎረቤቱ ራሱ የቀን ሠራተኛ በሆነበት መንደር ማን ለማን ያካፍላል?

80 በመቶ መክፈል ያልቻለ መንግሥት ቢያንስ ማን እንደተራበ ማወቅ አያቅተውም። በዚያው በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ መዲናን ድርቅ መታት። ከየገጠሩ ረሃብተኛ ጎረፈ፤ ዑመር (ረ.ዐ) ከሻም እህል አስመጡ። የታሪክ ዘጋቢዎች እንደሚሉት ከማዕዳቸው ቀርበው የሚበሉትን ካስቆጠሩ በኋላ እንደገና ሌላ ቆጠራ አዘዙ፤ መምጣት ያልቻሉትን በሽተኞች፣ ሕፃናትና ቤተሰቦች። ለእነሱም ምግቡ ወደ ያሉበት ይሄድላቸው ነበር።