ያልሸሸው አውሬ

ልጄ፣ የልማት ሠራተኛ ሆነህ ወሎ ቦረና መመደብህን ሰማሁ። ሐይቅ ዳር ያደግህ ልጅ ስለሆንክ ከቀረሶ ዓሣ ሌላ የዱር እንስሳ ብዙም አታውቅ ይሆናል። ጓዝህን ከመሸከፍህ በፊት ግን አንድ የሩቅ ባሕር ታሪክ ስማኝ።

አቆስጣ የሚሉት ወይፈን የሚያህል የባሕር አውሬ አለ፤ ዓሣ ይበላል፣ ሲደክመው አሸዋ ላይ ወጥቶ ይተኛል። የካሪቢያን ባሕሩ አቆስጣ ሰው አይፈራም ነበር። ሲቀርቡት ቀና ብሎ ያይና ተመልሶ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ1494 የኮሎምበስ መርከበኞች ስምንቱን ለስንቅ ገደሉ። ኋላም ስቡ እየቀለጠ የስኳር ወፍጮ ማለስለሻ ሆነ። «ልጨርሰው» ብሎ የተነሣ አልነበረም፤ ሁሉም የየራሱን ጥቅም ብቻ አየ። ለመጨረሻ ጊዜ በእርግጥ የታየው በ1952 ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት መጥፋቱን ያወጀው በ2008። እዚህ ላይ ቆም በል። በ1952 ያየው ሰው የመጨረሻውን ማየቱን አላወቀም።

አሁን ወደ ወሎ እንመለስ። ቦረና ሳይንት ደጋ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። እሱም ከሰው ብዙ አይሸሽም። ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ሆዱን ከመሬት አስነክቶ፣ ጆሮውን ቀስሮ ሲያደባ ታየዋለህ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎች 500 አይሞሉም፤ ሁሉም እዚሁ አገራችን ናቸው። ጎጃም ጮቄ ላይ ነበረ፣ ሸዋ ጎሽ ሜዳ ላይም ነበረ፤ ዛሬ በሁለቱም የለም።

ጠብመንጃ ብቻ የሚጨርሰው አይምሰልህ። ገብሱ ሽቅብ ሲወጣ ጓሳ የሚሉት የደጋ ሣር ይመነጠራል፣ ፍልፈሉም ማደሪያ ያጣል። በገበሬው ግን አትፍረድ፤ መሬት ያነሰው ሰው ወዴት ይረስ? መንዞች ግን ጓሳቸውን ቄሮ በሚሉት የቆየ ሥርዓታቸው እየዘጉና እየከፈቱ፣ ሣሩን ለቤት ክዳን እያጨዱ፣ ከነቀበሮው ለዚህ ትውልድ አድርሰዋል። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ማለት ይኸው ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ውሻው ነው (ውሻ እንደምወድ ታውቃለህ)። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ዌብ ሸለቆ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት ሦስት እጁን ገደለ። በሽታውን ያመጣው የሰው ውሻ ነው።

ስለዚህ ገበሬው ደጅ ስትደርስ መጀመሪያ የሚቀበልህ ውሻው ነውና፣ ዱላህን አስቀምጠህ «ተከትቧል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ማዳበሪያው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።