ገመዱን የያዘው እጅ

ከመቱ ተነስቶ ወደ በደሌ የሚጓዝ ሰው ብዙ ሳይርቅ ሁሩሙን ያገኛል። በዚያች ከተማ ሳስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ከሥራ ስወጣ ጎራ የምልባት አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። በጓዳዋ፣ ከከሰሉ ጆንያ አጠገብ፣ አንድ ግልገል ጦጣ ታስሮ ይኖር ነበር። ባለቤቲቱ “ቀማሌ” ይሉታል፤ በኦሮምኛ ያው ጦጣ ማለት ነው። እናቱን በቆሎ ማሳ ውስጥ ውሻ ገድሏት ልጆች ያመጡላቸው ነው።

አንድ የነሐሴ ቀን ቀማሌ መነሣት አቃተው። የኋላ እግሮቹ እንደ ቀስት ጎብጠዋል። ሲነኩት ይጮኻል።

“ምን አጎደልኩበት መምህር?” አሉኝ ሴትዮዋ። “ዳቦ በሻይ አለለት፤ ሙዝ አለለት፤ ስኳር አለለት። እኔ ከምበላው እሱ የሚበላው ይሻላል!”

አልዋሹም። አስፈቅጄ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኩት። ሐኪሙ መንጋጋውን በጣቱ ጫን አድርጎ ዳሰሰና “ይህ የአጥንት ረሃብ ነው” አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ልብ እንዲመታ፣ ጡንቻ እንዲኮማተር፣ በደም ውስጥ ካልሲየም መኖር አለበት። ከምግብ ካልመጣ ሰውነት ከራሱ አጥንት እየቆረሰ ይወስዳል። ካልሲየሙ ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባ ደግሞ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ እሱን የሚሠራው ቆዳ ላይ የሚያርፍ ፀሐይ ነው። ዳቦ፣ ሙዝና ስኳር ሆድ ይሞላሉ እንጂ አጥንት አይሠሩም። ጨለማ ጓዳ ደግሞ ፀሐይ የለውም። ቀማሌ ጠግቦ እየበላ፣ የገዛ አጥንቱን ሲበላ ከርሟል ማለት ነው።

ሐኪሙ ለላም የሚሰጠውን መርፌ በግምት አልወጋለትም። መጀመሪያ ምግቡንና ቦታውን አስተካክል አለኝ። ስኳሩ ቀረ። ጎመን፣ ባቄላ፣ በየቀኑ አንድ ስኒ ወተት፣ በጤፍ አጥሚት ላይ ደግሞ ተቀቅሎ እንደ ዱቄት የላመ የእንቁላል ቅርፊት ተተካ። አጥንቱ እስኪጠና ዘሎ እንዳይሰበር ጨርቅ በተነጠፈበት ሣጥን አኖርኩት፤ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ወደ ደጅ አወጣዋለሁ። በጥቅምት ጩኸቱ ቀነሰ። በኅዳር ከግቢዬ ዘይቱን ዛፍ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ ወጣ። የጎበጠው እግር ግን ሙሉ በሙሉ አልቀናም።

ያየኝ ሁሉ “ጽድቅ ነው” ይለኝ ጀመር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ? ደስታዬን ያደፈረሱት ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት ገበሬ ናቸው።

“መምህር፣ ‘ጦጣ ባለቤቱን ታስወጣ’ ሲባል አልሰማህም? ከንጋት እስከ ምሽት ማሳዬን የምጠብቀው ከማን ይመስልሃል? ደግሞስ ያን ወተት የሚመኝ ስንት ሕፃን አለ?”

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አላጣሁም። በደኑ ውስጥ ላለው ጦጣ ዕዳ የለብኝም። ሁሩሙ በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት ከመዘገበው የያዩ የቡና ደን ወረዳዎች አንዷ ናት፤ ደኑ ለጦጣው ፍሬና ቅጠል፣ ነፍሳትና ከዛፍ አናት ላይ ፀሐይ ይሰጠዋል። ገበሬውም ማሳውን ከእርሱ የመጠበቅ መብት አለው። ቀማሌ ግን ሌላ ነው። ለራሱ ማድረግ የሚችለውን ሁሉ ቀምተነዋል። ፀሐይ ያጣው ፀሐይ ጠፍታ ሳይሆን፣ ገመዱ ከጓዳ እስከ ደጃፍ ስለማይደርስ ነው። እንግዲህ ግዴታው የሚመነጨው ከአዘኔታችን ሳይሆን ከገመዱ ነው። ያሰረ ሰው ላሰረው ፍጡር የሚሰጠው ምጽዋት የለም፤ የሚከፍለው ዕዳ ነው እንጂ። ዕዳውን የከፈለ ደግሞ ጻድቅ አይባልም።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን አንገቴን አስደፋኝ። ይኸው ጥያቄ ሳይለቀኝ፣ የቀማሌን መዳን ላበሥር ወደ ሻይ ቤቷ ሄድኩ። የፀሐዩን ነገር ስተርክላቸው ሴትዮዋ ዝም አሉ። ከዚያም ወደዚያው ጓዳ ገብተው በጋቢ የተጠቀለለ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወጡ። ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ አይቆምም። ምችና ዓይን ፈርተው ደጅ አያወጡትም ነበር።

“ይሄስ?” አሉኝ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድን። ያው በሽታ ነው፤ በሰው ልጅ ሪኬትስ ይሉታል። “የ13 ወር ፀሐይ” በምንላት አገር! በ1997 እ.ኤ.አ. “ላንሴት” በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የሳምባ ምች የያዛቸውን 500 ኢትዮጵያውያን ሕፃናት የሳምባ ምች ከሌለባቸው 500 ጋር አነጻጽሮ፣ ሪኬትስ በታመሙት ላይ እጅግ ጎልቶ አግኝቶታል። የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ ልጅ እንደሚገባ መተንፈስ ያቅተዋልና።

ያሳፈረኝ ግን የበሽታው ስም አልነበረም። በዚያች ሻይ ቤት ስንት ወር ሙሉ ሻይ ጠጥቻለሁ። የጦጣውን እግር አየሁ፤ ልጁን አላየሁም። አንዱ በቃጫ ገመድ፣ ሌላው በፍቅር ጋቢ ታስረው በአንድ ጨለማ ውስጥ ነበሩ፤ ሁለቱም በራሳቸው እግር ወደ ፀሐይ መውጣት አይችሉም። ልጁን እኔ አላሰርኩትም፤ አያቱም በክፋት አላሰሩትም። ግን አውቆ ዝም ያለ ሰው፣ ከገመዱ አንዱን ጫፍ እንዳልያዘ በምን ያስረዳል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተቱን ለሁለት ከፈልነው። ልጁ በጤና ጣቢያው ሕክምናና በጠዋት ፀሐይ ከወራት በኋላ ቆመ።

ለቀማሌ ግን መዳን ብቻውን አልበቃውም። ገመዱን ፈታሁለት፤ አልሄደም። የጦጣ መንጋ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ኮቴ ውስጥ ይደበቅ ነበር። በጎበጠ እግር፣ ቋንቋቸውን ሳያውቅ፣ ወዴት ይሂድ? የጤናውን ዕዳ ከፍዬ ይሆናል፤ የተወሰደበትን ደን ግን የሚመልስለት ወተት የለም። ለልጅ ማጫወቻ ብሎ ግልገል ከጫካ የሚያመጣ ሰው ሊያስብበት የሚገባው ይህን ነው።

ከሁሩሙ ስዛወር ለዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኛ አስረከብኩት። ሰውየው ሊወስደው እጁን ሲዘረጋ፣ ቀማሌ ጣቴን ጨብጦ ይዞ ነበር። አንድ በአንድ ጣቶቹን ማላቀቅ ነበረብኝ።