ወደ ምርኩዙ ስለ ተመለሰ ሰው

ወንድሜ ሆይ፤ እግርህ ተሰብሮ በጀሶ ከታሰረ በኋላ፣ ጀሶውም ተፈትቶልህ ምርኩዙን ጥለህ ሦስት ቀን ያህል ተመላልሰህ ሳለ፣ በአራተኛው ቀን እግርህ አብጦ ሐኪሙ «ወደ ምርኩዝህ ተመለስ» ቢልህ፣ በዚያች ሰዓት በልብህ የሚነሣው ጥያቄ የታወቀ ነው። ይኸውም «ትዕግሥቴ ሁሉ በከንቱ ቀረን?» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ስብራት በምስጋና የተቀበሉ ብዙ ሰዎች በዚህኛው ያጕረመርማሉ፤ ፊተኛው መከራ ሳይታሰብ የመጣ ሲሆን፣ ይህ ግን ተስፋ ካደረጉ በኋላ የመጣ ነውና።

እንግዲህ ሊቃውንት ስለ ሕመምተኛ ሶላት የደነገጉትን አስተውል። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥም ያልቻለ በጎኑ ተኝቶ ይሰግዳል። ይህን ሕፃናት እንኳ ያውቁታል። ቆሞ የጀመረ ሰው በሶላቱ መካከል አቅም ቢያጣስ? ተቀምጦ ካለበት ይቀጥላል፤ እንደ ገና ከመጀመሪያው አይጀምርም። ቆሞ የፈጸመው ረከዓ ተቈጥሮለታል፤ ኃይል ባገኘም ጊዜ ይነሣል። መቀመጡ ሶላቱን ካላፈረሰበት፣ ወደ ምርኩዝ መመለስህ የወራት ድካምህን እንዴት ያፈርሰዋል?

የአካልም ሥራ ይህንኑ ይመሰክራል። አጥንት ሲሰበር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስብራቱን የሚያያይዘው ለስላሳ ነገር ነው፤ ቀስ በቀስም ይጠነክራል። የቅልጥም አጥንት በደንብ ለመግጠም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። ጡንቻም ታስሮ ሳለ በጥቂት ሳምንት ይከሳል፤ ለመመለስ ግን ከዚያ የረዘመ ጊዜ ይጠይቃል። (ገንዘብ ከመግባቱ ይልቅ መውጣቱ እንዲፈጥን ነጋዴ ሁሉ ያውቃል።) ስለዚህ ብዙ በሄድህበት ማግሥት እግርህ ቢያብጥ፣ ብዙውን ጊዜ ከአቅሙ በላይ ስለ ተጠየቀ ነው። ሸክሙን ቀንስለት፤ ጥቂት ቀን ጠብቅ፤ ከቀድሞው ባነሰ እርምጃም ጀምር።

ሱቄ ተዘጋ፣ ደንበኛዬ ወደ ሌላ ሄደ ትል ይሆናል። እውነት ነው፤ አናቃልልብህም። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ከጊዜው በፊት ቆመህ ብትውል፣ ችኮላህን ትጋት ብለህ አትጥራው። ከዚህ የባሰ ሌላ ስሕተት አለ፤ የተሰወረ ነውና። እርሱም አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ስለ ተመለሰ፣ «በአላህ ተመክቻለሁ» እያለ ሐኪሙ ያዘዘውን ልምምድ ፈጽሞ የሚተው ሰው ስሕተት ነው። ይህ ተስፋ መቍረጥን የመመካት ልብስ ማልበስ ነው።

እናንተም የቤት ሰዎች ሆይ፤ «ትናንት ሄደህ አልነበረምን?» እያላችሁ አታሳፍሩት። ምርኩዙን ከእጁ በሚደርስበት ስፍራ አኑሩለት። ነገር ግን ሕመሙ ዐርፎም የማይቀንስ ቢሆን፣ እግሩን መርገጥ ቢሳነው፣ ትኩሳት ቢይዘው፣ ባቱ አብጦ ቢግል ወይም ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ሌሊትም ቢሆን ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም አድርሱት።